ዘሃራ፣ ጎልፉና እምቢተኛው ኮምፒዩተር

ባለፈው ሳምንት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ አፍንጮ በር አንድ ድንኳን ውስጥ ለቅሶ ተቀምጬ ሳለ፣ አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ስለ እትዬ ዘሃራ ሰይድ ሲናገር ሰማሁ። «አቤት! አንገቷን የደፋች ሴት ነበረች እኮ» አለ። አጠገቡ የተቀመጡት ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እኔ የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀምጬ ንዴቴን ዋጥ አደረግሁት። ለቅሶ ቤት ክርክር አይነሳም፤ ያውም በሦስተኛው ቀን።

ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ስለዚህ እዚህ ልናገረው። ዘሃራ አንገቷን የደፋች ሴት አልነበረችም። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ሱቅ ተጋርተን ስንሠራ አንገቷን ስትደፋ ያየኋት የተከፈተ ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ስታፈጥ ብቻ ነው። ተናካሽ ነበረች። ችኮ ነበረች። ከደንበኛም፣ ከታክሲ ረዳትም፣ ከመብራት ቆጣሪ አንባቢም ጋር ትጣላለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እውነቱ የእሷ ነበር። ሰው ሲሞት ለምን አለስልሰን እንደምንሸኘው አይገባኝም። የለሰለሰችዋን ዘሃራ እኔ አላውቃትም፤ የማውቃትን ነው የምጽፈው።

ሱቃችን ከፒያሳ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚወስደው ቁልቁለት፣ ከቸርችል ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ በነበረ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ነበር። «ነበር» የምለው ሕንፃው አሁን ስለሌለ ነው። በቀኝ በኩል እኔ ፎቶ ኮፒና ፕሪንተር እጠግናለሁ፤ በግራ በኩል እሷ ኮምፒዩተር ትጠግናለች፤ መሃላችን አንድ ባንኮኒ አለ። ጣሪያው ከመርዘሙ የተነሳ አምፖል በተቃጠለ ቁጥር መሰላል ለመዋስ እስከ ወርቅ ቤቶቹ ድረስ እንወጣ ነበር። በክረምት ቅዝቃዜው አጥንት ድረስ ይገባል። ያንን ጣሪያ ስረግመው ነው የኖርኩት። እሷ ግን ቀና ብላ እያየችው «ቢያንስ አናቴን አይመታኝም» ትል ነበር።

ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቀጭን፣ ጠይም ሴት ነበረች። ካቻቢቴዋን ሻሿ ውስጥ፣ ከጆሮዋ በላይ ትሰካዋለች። ብዙ ጊዜ እዚያው ትረሳውና ታክሲ ተሳፍራ ቤቷ ትገባለች፤ በማግስቱ ጠዋት «ካቻቢቴዬን የወሰደው ማነው?» ብላ እኔን ትመረምረኛለች። ሻሿን ስጠቁማት ይቅርታ አትጠይቅም። «ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርከኝም?» ትለኛለች።

አንድ ቀን ክራቫት ያሰረ ሰው ላፕቶፕ ይዞ ገባና እሷን አልፎ እኔን «ባለሙያው አንተ ነህ?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት ዘሃራ ቀደመችኝ።

«ባለሙያው ማኪያቶ ሊጠጣ ወጥቷል። አስቀምጠውና ነገ ና» አለችው።

በማግስቱ መጥቶ ላፕቶፑን ከፍቶ አየና ፊቱ በራ። «ሰውዬው እጁ የተባረከ ነው! አመስግኚልኝ» አላት። ዘሃራ አቧራና ቅባት የለበሰ እጇን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ «እጁ ይኸውልህ፤ ራስህ አመስግነው» አለችው። ሰውዬው የሚገባበት ጠፋው። እኔ ደንበኛ አባረረች ብዬ ስናደድ፣ ከሳምንት በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒዩተሮች በሙሉ ጭኖ መጣ።

ይሄ ጠባይ ከየት እንደመጣ አንድ ዝናባማ ቀን ነግራኛለች። በወጣትነቷ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። የጽሕፈት መኪናዋ ተበላሽቶ ጠጋኝ ሲጠበቅ ሁለት ሳምንት ቆመ። እሷ በምሳ ሰዓት በቅንድብ መንቀያ ፈትታ ሠራችው። የክፍሉ ኃላፊ አላመሰገናትም። «ይሄ ለአንቺ አይደለም» አላትና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣት አዘዘ፤ ማስጠንቀቂያውንም በዚያው በጠገነችው መኪና ራሷ እንድትመታው አደረገ። ይህን ስትነግረኝ አፏ ይስቃል፤ ዓይኗ ግን አይስቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ለአንቺ አይደለም» ለሚላት ሁሉ አንድ መልስ ነበራት። «ማነው የወሰነው?» ትላለች። ለሰው ብቻ አይደለም። ኮምፒዩተር የእምቢታ መልእክት ሲያወጣ ጮክ ብላ ታነብና እንደ ጎረቤት ትሟገተዋለች። «ይህን ማድረግ አይቻልም» ካላት፣ ስክሪኑን በጣቷ ጫፍ መታ መታ እያደረገች «ማነው የወሰነው? አንተ ነህ?» ትለዋለች። አዲስ ደንበኛ ይህን ሲሰማ ደንገጥ ብሎ እኔን ያየኛል፤ እኔም የለመድኩት ነገር ነው ብዬ በእጄ እጠቁመዋለሁ።

አሁን ወደ አባቷ ልምጣ፤ ያለ እሳቸው ዘሃራን መናገር አይቻልም። ጋሽ ሰይድ በጎረምሳነታቸው ከወሎ መጥተው ሠላሳ ምናምን ዓመት ጎልፍ ሜዳ ላይ የተጫዋቾች ቦርሳ ተሸክመው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። ጎልፍ ለማያውቅ እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ትንሿን ኳስ በዱላ እየመታ ሩቅ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ለማስገባት ይሞክራል። ዱላው ብዙ ዓይነት ነው፤ ሩቅ የሚልክ አለ፣ ቅርብ የሚልክ አለ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሩቅ ይልካል። ቦርሳ ተሸካሚው ዱላዎቹን ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል፤ ርቀቱን በዓይኑ ይለካና «ለዚህ ሰባት ቁጥር ይሻላል» እያለ ያቀብላል። ጋሽ ሰይድ በዚህ ሥራ የተከበሩ ነበሩ፤ አዲስ የመጣ ፈረንጅ ሁሉ እሳቸውን ነበር የሚፈልገው።

ኳስ መምታት ግን ለተሸካሚ ክልክል ነበር። አንድ ማለዳ ሜዳው ባዶ ነው ብለው ከቦርሳ አንድ ዱላ አውጥተው ኳስ ፊት ሲቆሙ ታዩ። ገና አልመቱም። ለአንድ ወር ከሥራ ታገዱ። በዚያ ወር ቤታቸው ውስጥ ምን ተበልቶ ምን እንዳልተበላ ዘሃራ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ ጋሽ ሰይድ ዱላ ይዘው ኳስ ፊት አልቆሙም። ብቻ ጠዋት ጠዋት፣ ከሶላት በኋላ፣ ግቢያቸው ውስጥ የመጥረጊያ እንጨት ይዘው አየሩን ይመታሉ። ዘሃራ ልጅ ሆና ዝንብ የሚያባርሩ ይመስላት ነበር። ሰማንያ ካለፋቸው በኋላም አልተዉትም፤ እኔም አንድ ጠዋት ቤታቸው ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ።

እንግዲህ አንድ ቀን የቆየ ደንበኛችን፣ የአንድ ሆቴል ንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ፒክአፕ ሙሉ ዕቃ ይዞ መጣ። ሆቴሉ የቤት ውስጥ ጎልፍ መጫወቻ ክፍሉን ዘግቶ የስብሰባ አዳራሽ ሊያደርገው ነው። የቤት ውስጥ ጎልፍ ማለት፣ እውነተኛ ኳስ በእውነተኛ ዱላ ትመታለህ፤ ኳሷ ጥቂት ሜትር ሄዳ የተወጠረ ሸራ ላይ ታርፋለች። መሬት ላይ የተቀመጠ ሴንሰር ፍጥነቷንና አቅጣጫዋን ይለካል፤ ቀሪውን ጉዞ ኮምፒዩተሩ አስልቶ ሜዳውንና የምትበረውን ኳስ እዚያው ሸራ ላይ ያሳይሃል። የሆቴሉ ኮምፒዩተር ተቃጥሏል። ሴንሰሩ፣ ሸራው፣ ፕሮጀክተሩ፣ ሰው ሠራሽ ሳሩ፣ ሦስት ዱላ በረጅም ከረጢትና ፕሮግራሙ ከነፈቃዱ ግን ደህና ነበሩ።

«ከሚጣል አንቺ ውሰጂው፤ መለዋወጫ ይሆንሻል» አላት።

ዘሃራ መጀመሪያ ያነሳችው ሴንሰሩን አልነበረም። አንዱን ዱላ አነሳችና ቀና ብላ ያንን ረጅም ጣሪያ አየችው።

በዚያው ሳምንት ሕንፃው ሊፈርስ ስለሆነ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንድንለቅ ተነግሮን ነበር። ሰፈሩ በሙሉ መደርደሪያ እየነቀለ፣ ዕቃ እየጫነ ነው። እኔ አዲስ ሱቅ ፍለጋ ከጠዋት እስከ ማታ ስንከራተት፣ እሷ ባንኮኒውን ወደ ግድግዳ አስጠግታ ዱላውን ወደ ላይ እያነሳች ቁመት ትለካለች።

«ወርቁ» አለችኝ። «የአባዬ ቤት ጣሪያ በእጅ ይነካል። እኔ የምገባበት ኮንዶሚኒየምም ያው ነው። ይሄን ዱላ አንስቶ የሚያስመታ ክፍል የማውቀው ይሄን ብቻ ነው። ሳይፈርስ አባዬ እዚህ ኳስ ይመታል።»

«በየትኛው ኮምፒዩተር?» አልኳት።

ጥያቄዬ የክፋት አልነበረም። ሱቁ ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ ደብዳቤ የሚጻፍባቸው ደካማ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ናቸው፤ የጎልፍ ፕሮግራሙ ደግሞ ሥዕል በፍጥነት የሚስል ኃይለኛ ማሽን ይፈልጋል። እንዲህ ያለ አንድ ብቻ ነበራት። ከተዘጋ የማስታወቂያ ድርጅት የገዛችው፣ ስክሪኑና አካሉ አንድ ላይ የሆነ፣ ለሥዕል ሠራተኞች የተሠራ ትልቅ ኮምፒዩተር። ችግሩ ይሄኛው በሌላ ሲስተም የሚሠራ መሆኑ ነው። የጎልፍ ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ ተሠርቷል፤ ይሄ ማሽን ዊንዶውስ አያውቅም። ዊንዶውስ እንዳትጭንበት ደግሞ የቀድሞ ባለቤቶቹ የሲስተም መቀየሪያውን በይለፍ ቃል ቆልፈውታል፤ ሰዎቹ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም።

ፕሮግራሙን ስትከፍተው ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ወጣ። «ይህ ፕሮግራም ለዚህ ኮምፒዩተር አይደለም» የሚል ነው፤ በእንግሊዝኛ። ዘሃራ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወንበሯን ሳበች።

«እትዬ ዘሃራ፣ አይሆንም። ለዕቃ ማውጣቱ እናስብ» አልኳት።

«አንተ ስለ ዕቃው አስብ» አለችኝ፣ ዞር ብላም አላየችኝ።

የሠራችውን በቀላሉ ላስረዳ። በሁለቱ መሃል አስተርጓሚ የሚሆን ፕሮግራም አገኘች። የጎልፍ ፕሮግራሙ በዊንዶውስ ቋንቋ ሲያዝ፣ አስተርጓሚው ተቀብሎ ኮምፒዩተሩ በሚገባው ቋንቋ ያቀብላል። በአራተኛው ቀን ሜዳው ስክሪኑ ላይ ታየ። እልል ልል ስል ምስሉ ቆመ። ዛፉ፣ ቅጠሉ፣ ደመናው፣ የውኃው ነጸብራቅ ለአስተርጓሚው በዝቶበታል። ዘሃራ ደመናውን አነሳች፣ ነጸብራቁን አነሳች፣ በመጨረሻ ዛፉን ሁሉ መነጠረችው። የቀረው እንደ ቢሊያርድ ጠረጴዛ የተለጠጠ አረንጓዴ ነው። ግን ይንቀሳቀሳል። ሙቀቱ እንዳይገድለው ከኋላው ትንሽ ቬንቲሌተር አቆመችለት።

ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሜዳው አለ፤ ኳሷ የለችም። ሴንሰሩ የሚናገረውን አስተርጓሚው ጭራሽ አይሰማውም። እኔም የሱቅ ፍለጋውን ለጊዜው ትቼ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የወጠርነውን ሸራ በኳስ ስቀጠቅጥ ዋልኩ፤ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ትከሻዬ አበጠ። አሥረኛው ቀን ላይ መላው የመጣላት ማኪያቶዋን እየጠጣች ነው። ከመደርደሪያ አንድ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ አወረደች። ዊንዶውስ አለው፤ ሥዕል ለመሳል አቅም የለውም፤ ሴንሰር ለማዳመጥ ግን አያንስም። ሁለቱን በኬብል አገናኘቻቸው። ላፕቶፑ ኳሷን ያያል፤ ያየውን ለትልቁ ይነግራል፤ ትልቁ ይስላል። እኔ መታሁ፤ ኳሷ ሸራው ላይ ብቅ ብላ ወደ ግራ ተጣማ ጠፋች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በመጥፎ ምት የተደሰትኩበት ጊዜ የለም። እሷ ግን «ነገ ቅዳሜ ነው፤ አባዬን ላምጣው» ብቻ አለች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጋሽ ሰይድ በኮንትራት ታክሲ መጡ። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገዋል፣ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ጫማቸው ተጠርጓል። ዘሃራ «የምታየው ነገር አለ» ከማለት በቀር ምንም አልነገረቻቸውም። ሸራው ላይ አረንጓዴ ሜዳ፣ መሃሉ ላይ ውኃ፣ ከውኃው ማዶ ባንዲራ አለ። ባንዲራው ጉድጓዱ ያለበትን ያመለክታል። ጠጋ ብለው ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«ዛፉስ?» አሉ።

«አንስቼዋለሁ አባዬ፤ ኮምፒዩተሩ አልችል አለ።»

«ዛፍ ከሌለ ነፋሱን በምን ያውቁታል?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዱላውን ሰጠቻቸው። ጋሽ ሰይድ ዱላውን ተቀብለው ጫፉን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ። ከዚያ እጀታውን ወደ እኔ አዙረው አቀበሉኝ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

«ሰባት ቁጥር ነው። ረጋ ብለህ ምታ» አሉኝ።

የዘሃራ ፊት ተለዋወጠ። «አባዬ፣ ዛሬ የሚመታው እሱ አይደለም» አለች።

«ታዲያ ማን ነው?»

«አንተ ነህ።»

ጋሽ ሰይድ ዞር ብለው በሩን አዩ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ የሚቆጣ ሰው እንዳይመጣ በሩን አዩ። ዘሃራ ሄዳ በሩን በሰፊው ከፈተችው። «ማንም ቢመጣ ይምጣ» አለች። ውጪ ዕቃ የሚጭኑት የጎረቤት ነጋዴዎች ጭንቅላታቸውን ብቅ አደረጉ።

ጋሽ ሰይድ ኮታቸውን አውልቀው ለእሷ ሰጡ። ኳሷ ፊት ቆሙ፤ እግራቸውን አስተካከሉ። የመጥረጊያ እንጨቱን እንደሚያነሱት አነሱና መቱ። ድምፁ ንጹሕ ነበር፤ እኔ ስመታ የሚወጣው የእንጨት ጩኸት አልነበረበትም። ኳሷ ሸራው ላይ ተነሳች፣ በረረች፣ ከውኃው ማዶ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ጠብ አለች። ደግመው መቱ። አሁንም ውኃ ውስጥ፣ ዳርቻው ላይ። ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ።

«ይህቺ ኳስ ውኃ አልገባችም» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ኮምፒዩተር አይዋሽም ጋሽ ሰይድ» አልኳቸው፣ አዋቂ መሆኔ ነው። «ትንሽ አጥሮብዎት ነው።»

«ወላሂ አልገባችም። ድምፁን ሰምቻለሁ።» አራተኛ መቱ፤ ገባች። ያኔ ዱላውን ቀስ ብለው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። «ተይው ልጄ» አሉ። «ደክመሽበታል፤ አላህ ይስጥሽ። ይሄ ለእኔ አይደለም።»

ዘሃራን አየኋት። የምትለውን አውቃለሁ ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። ኮታቸውን እንደያዘች ቆማ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ታያለች፤ ቁጥሩ ደግሞ ውኃ ገብታለች ይላል። ከአምስት ቀን በኋላ ክፍሉ አይኖርም።

ጋሽ ሰይድ ኮታቸውን ሊቀበሏት እጃቸውን እየዘረጉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው ቀጠሉ። «አዲስ የመጣ ፈረንጅ ሁሉ እንዲህ ነበር። የአገሩን ርቀት ነው የሚያስበው። ሰባት ቁጥር ይበቃል ስለው ስድስት ያነሳል፤ ኳሷ ከአጥር ውጭ ትሄዳለች። እዚህ ከፍታ ነው፣ አየሩ ቀጭን ነው፣ ኳስ እልፍ ብላ ነው የምትወድቀው እለዋለሁ። አይሰማም። ይሄም ማሽን የፈረንጅ ነው፤ አዲስ አበባን ከየት ያውቃታል?»

ዘሃራ ኮቱን ለቀቀችው። «ምን አልክ?» አለች፤ መልሱን ግን አልጠበቀችም። ወንበሯ ላይ ዘፍ ብላ የፕሮግራሙን ማስተካከያ ገጾች አንድ በአንድ ትከፍት ጀመር። የነፋስ፣ የዝናብ፣ የሙቀት። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። «ከባሕር ወለል በላይ ከፍታ» ይላል፤ ፊት ለፊቱ ዜሮ ተጽፏል።

«ወርቁ!» ብላ ጮኸች። «ምጽዋ ላይ ነው እኮ ያለነው!»

አሥር ቀን ሙሉ ፕሮግራሙን ላልተሠራለት ኮምፒዩተር ለማስለመድ ስንታገል፣ ያለንበትን ከተማ መንገር ለሁለታችንም ትዝ አላለንም። ማሽኑ የባሕር ዳርቻ ላይ መስሎታል፤ በከባድ አየር ውስጥ ኳሷን እያሳጠረ ይጥላታል። ዘሃራ ዜሮውን አጠፋችና ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ብላ ጻፈች። ከዚያ ተነስታ ዱላውን ከግድግዳው አንስታ ለአባቷ ሰጠች።

እኔ ግን መናገር ነበረብኝ። «ይቅርታ ጋሽ ሰይድ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። አልሰሙኝም፤ ኳሷን እያዩ ነበር።

መቱ። ያው ንጹሕ ድምፅ። ኳሷ እየተደነቃቀፈች በረረች፤ ያ ምስኪን ኮምፒዩተር ሥዕሉን ቶሎ ቶሎ ማድረስ ስላቃተው ነው። ልክ ከውኃው በላይ ስትደርስ ምስሉ ቀጥ አለ። ኳሷ አየር ላይ ተሰቅላ ቀረች። በሩ ላይ የቆሙት ነጋዴዎችም አንገታቸውን አሰገጉ። ዘሃራ ባንኮኒውን በመዳፏ መታችና «ሂድ እንጂ!» አለችው። ምስሉ ተላቀቀ። ኳሷ ውኃውን ተሻግራ ደረቅ መሬት ላይ ነጠረች፤ ከባንዲራው አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ቆመች።

በሩ ላይ ጭብጨባ ሆነ። ጋሽ ሰይድ አልሳቁም፣ እጃቸውንም አላነሱም። ከውኃው ማዶ ያለችውን ነጭ ነጥብ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወርቁ፣ ቦርሳውን ያዝልኝ» አሉኝ።

ቦርሳ የለም፤ ዱላዎቹ የመጡበት ረጅሙ ከረጢት ነው ያለው። እሱን ትከሻዬ ላይ አንግቼ ሁለት እርምጃ ከኋላቸው ቆምኩ። እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትር ሶላት ድረስ፣ አንድ እርምጃ ሳንራመድ ስድስት ጉድጓድ ዞርን። በየመሃሉ «የትኛው ዱላ ይሻላል ትላለህ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ የነገርኳቸውን ትተው ሌላውን ያነሳሉ። ዘሃራ ጥግ ላይ ቆማ፣ ካቻቢቴዋ ሻሿ ውስጥ እንደተሰካ፣ እንባዋን ሳትጠርግ ታይ ነበር።

ከአምስት ቀን በኋላ ለቀቅን። እኔ ከአፍንጮ በር ዝቅ ብሎ ያለች ባለ ቆርቆሮ ሱቅ ተከራየሁ፤ ዘሃራም እንደ ድሮው በግራ በኩል ገባች። ዕቃው ሁሉ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ የሱቁ ኮርኒስ ዝቅ ያለ ነበርና ዱላ አያስነሳም። እሷ ግን አንድ ቀን በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ቆርቁራ አዳመጠችው። «ከዚህ በላይ እስከ ቆርቆሮው ባዶ ነው። እንንቀለው» አለችኝ። እኔ «ቆይ፣ ባለቤቱን እናስፈቅድ» አልኳት። ሰው አክባሪ ነኝ፤ ይሉኝታ ይይዘኛል። ሳናስፈቅድ ከረምን። ከዚያ ልቧን አመማት። ሆስፒታል ሰነበተች፤ አልተመለሰችም።

ድንኳኑ ውስጥ ያ ሰው «አንገቷን የደፋች» ሲል እኔ ዝም አልኩ፤ ጋሽ ሰይድ ግን ከተቀመጡበት ጥግ ሰምተውታል። ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«የእኔ ልጅ?» አሉ። «የእኔ ልጅ አንገቷን ደፍታ አታውቅም። የደፋሁት እኔ ነበርኩ። ያቃናችልኝ እሷ ናት።»

ሰውዬው ይቅርታ ጠየቀ። እኔ አልችል ስል ተነስቼ ልሰናበታቸው ሄድኩ። እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ያ ዕቃ አለ?»

«አለ ጋሽ ሰይድ። ሱቅ ውስጥ ነው።»

«ይሠራል?»

«ይሠራል። ግን ጣሪያው አይበቃም፤ ዱላ አያስነሳም።»

ጋሽ ሰይድ ቀና ብለው አዩኝ። የደከመ ዓይናቸው የእሷን ዓይን ይመስላል።

«ማነው የወሰነው?» አሉኝ።

ሰኞ ዕለት መሰላል ተውሼ ኮርኒሱን ነቀልኩት። አቧራ፣ የአይጥ ጎጆና አንድ የዛገ የጭስ ማውጫ ቧንቧ ወረደብኝ። ዱላውን ወደ ላይ አንስቼ ለካሁ፤ እስከ ቆርቆሮው አንድ ክንድ ይተርፋል። ሸራውን ወጠርኩ፣ ቬንቲሌተሩን ከትልቁ ኮምፒዩተር ጀርባ አቆምኩ፣ ያንን የተሰነጠቀ ላፕቶፕ በኬብል አገናኘሁ። ከፍታው ሁለት ሺህ አራት መቶ እንደተጻፈ አለ፤ አልነካሁትም። ጋሽ ሰይድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ይመጣሉ።

የሱቁ ባለቤት ነገ ይመጣል። ቀና ብሎ ኮርኒሱ የነበረበትን ባዶ ሲያይ፣ ይሄን የወሰነው ማነው ብሎ እንደሚጮህብኝ አውቃለሁ። እኔ ነኝ የወሰንኩት እለዋለሁ።